እረፍት የማይወድ ወገብ

እናትየው ከኋላ ስትጠራት ልጅቱ አንገቷን ብቻ አላዞረችም። መጀመሪያ እግሯን አነሳች፣ ቀጥሎ ዳሌዋን፣ ከዚያ ትከሻዋን፤ ሁለት ሰው ተጋግዞ እንደሚያዞረው ቁም ሣጥን ሙሉ ለሙሉ ዞራ ቆመች። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። እናትየው ክው አለች። በእጇ የነበረውን ብርጭቆ የት እንዳስቀመጠችው ስላላወቀች ኋላ ስትፈልገው ቆየች።

«ምን ሆነሻል?»

«ምንም። ጠዋት ጠዋት ወገቤ እንዲህ ያደርገኛል፤ ረፈድ ሲል ይለቀኛል። እማዬ፣ ቁልፌን ስጪኝ፣ ሰዓት ደረሰ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«እኔ እንጃ። ቆየት ብሏል።»

ልጅቱ ቁልፏን ተቀብላ ወጣች። እናትየው በመስኮት አየቻት። የመጀመሪያዎቹን ሃያ እርምጃዎች እንደ አሮጊት ሄደች፤ መታጠፊያው ጋ ስትደርስ ግን እርምጃዋ ፈታ ብሎ ነበር። ይህን ሁለተኛውን ነገር እናትየው አይታዋለች፤ ግን ልብ አላለችውም። ሰው የሚያየው የፈራውን ነው።

ሌላ እናት ብትሆን «ወገብ ነው፣ ያልፋል» ብላ ወደ ሥራዋ ትሄድ ነበር። ይህችኛዋ ግን «የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» የሚለውን ተረት እንደ ቀጠሮ ደብተር ይዛ የምትኖር ሴት ናት። ልጅቱ በሰባት ዓመቷ ግማሽ ቀን ስቅ ቢላት፣ የሆስፒታል ሻንጣ ሞልታ በር ላይ አስቀምጣ ነበር። ባሏ ከሥራ ሩብ ሰዓት ከዘገየ በሐሳቧ ገንዛ፣ ቀብራ፣ አልቅሳ ስትጨርስ እሱ ዳቦ ይዞ ይገባል። እንዲህ ያለች ሴት የልጇን ወገብ እንደ ሳንቃ ደርቆ ስታይ ቀኑን በምን እንደዋለች ማንም ይገምተዋል።

ሥራዋ ፍራሽ መስፋት ነው። ሃያ ሁለት ዓመት በአንድ ፍራሽ ቤት ውስጥ ስፖንጅ ስትቆርጥ፣ ጥጥ ስትዘረጋ፣ በክንድ የሚለካውን ረጅም መርፌ ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው ስትወጋ ኖራለች። ሰው ሁሉ የታመመውን ነገር በሚያውቀው ሙያ ሊያድነው ይሞክራልና፣ እሷም በልቧ መድኃኒቱን ወዲያው አገኘችው፤ ልጇ ያስፈለጋት ጥሩ መኝታ ነው። መኝታና እረፍት።

ከጎኗ የምትሠራው ባለ ስፌት መኪና ከጠዋት እስከ ማታ አፏ ስለማይዘጋ ስሟ «ሬዲዮ» ነው። የሰማችውን ነገር ሁሉ ለሰው ታካፍላለች፤ ያልሰማችውንም ጨምራ።

«ወገብ እኮ አንድ አይደለም» አለች ሬዲዮ፣ ክሩን በጥርሷ እየቆረጠች። «አንደኛው የኔ ዓይነት ነው። ጥቅል ጨርቅ በአንዴ ብድግ አድርገሽ ካነሳሽ ጡንቻ ይቆጣል፤ ሞቅ ያለ ጨርቅ ታደርጊበታለሽ፣ ቀስ እያልሽ ትንቀሳቀሻለሽ፣ ከሳምንት በኋላ ረስተሽዋል። ሁለተኛው የባለቤቴ ነው። ጀሪካን ሊያነሳ ጎንበስ ብሎ ‘ቋ’ ሲል ሰማሁት። ከዚያ ሕመሙ ከወገቡ ተነስቶ በመቀመጫው፣ በጭኑ፣ በባቱ አድርጎ እስከ አውራ ጣቱ እንደ ኤሌክትሪክ ወረደ። ሲያስለው ኮከብ ነው የሚያየው። ነርቭ ነው አሉት። ሦስተኛው የእህቴ ነው፣ የኩላሊት ጠጠር፤ እሱ ደግሞ አያስተኛ፣ አያስቀምጥ፣ ያስመልሳል። እንግዲህ የልጅሽ የትኛው ነው?»

እናትየው አሰበች። ልጅቱ ምንም አላነሳችም። እግሯን አላማትም። አላስመለሳትም።

«አንዱንም አይመስልም።»

«እንግዲያማ ምንም አይደለም።»

«እንዴት ምንም አይደለም? ከሦስቱ አንዱ ቢሆን እኮ ይሻል ነበር።»

«አንቺ ደግሞ፣ ሲያካፋ መርከብ የምትሠሪ ሰው» አለች ሬዲዮ፤ ፔዳሏን ረገጠች።

በዚያው ሳምንት አዲስ ፍራሽ ወደ ቤት ገባ፤ ጠንካራ፣ ጥጡ የተጠቀጠቀ። በወሩ ለስለስ ያለ ተጨመረ። ከዚያ በላዩ ቀጭን ስፖንጅ፣ በሥሩ ደግሞ ጣውላ። ሦስተኛውና አራተኛው ሲደራረቡ ልጅቱ ከአልጋዋ ለመውረድ እንደ ልጅነቷ በሆዷ መንሸራተት ጀመረች።

«እማዬ፣ እዚህ ላይ ሆኜ የጎረቤቱ ጣሪያ ይታየኛል» አለች።

አባትየው ከጠረጴዛው ሳይነሳ፣ «ልታስተኚያት ነው ወይስ በዕቃ መደርደሪያ ላይ ልትሸጪያት?» ሲል ጨመረበት።

አባትየው ሰዓት ጠጋኝ ነው። ከቤቱ ፊት ለፊት ባለች፣ ሦስት ሰው ከገባ አራተኛው ውጭ በሚቀርባት ሱቅ፣ አጉሊ መነጽሩን በዓይኑ ላይ ሰክቶ ጎንበስ ብሎ ይውላል። ሲነሳም እንደጎነበሰ ነው የሚነሳው። ጓደኞቹ «መንጠቆ» ይሉታል። ሰውን የሚያየው ከቅንድቡ ሥር አሻቅቦ ስለሆነ፣ የማያውቁት ሰዎች የተቆጣ ይመስላቸዋል። የሰፈሩ ሰው ሁሉ «ሰዓት አጎበጠው» ይላል፤ እሱም ይላል፤ ሚስቱም ትላለች። ስለዚህ ልጅቱ ከተወለደች ጀምሮ እናትየው አንድ ነገር ምላ ነበር፦ ይህች ልጅ በዚያች የሰዓት ጠረጴዛ አትቀመጥም።

ደግሞም አልተቀመጠችም። ልጅቱ ፖስታ አዳይ ሆነች። ቦርሳዋን በትከሻዋ አንግታ በቀን አራት ሰፈር ታዳርሳለች፤ የትኛው ውሻ እንደሚነክስ፣ የትኛው እንደሚያስመስል ታውቃለች። ሥራዋን ትወደዋለች። «እግሬ ነው የሚከፈለው» ትላለች።

እናትየው ግን በእሑድ ቀን ከአልጋ አታስነሳትም። ምግቡን እዚያው ታቀርብላታለች፤ ልጅቱ ለመነሳት ስትሞክር «ዛሬ እንኳ ይህ ወገብ ይረፍ» እያለች ትመልሳታለች። ሰኞ ጠዋት ልጅቱ ከሌላው ቀን ሁሉ ብሶባት ትነሳለች። እናትየው ይህንንም አይታ በራሷ መንገድ ተረጎመችው፤ የሳምንቱ መንገድ ተጠራቅሞ ነው ሰኞ የሚወጣው ብላ ደመደመች። እግር ነው ወገቧን የሚበላው። ይህ መራመድ መቆም አለበት።

ሐኪም ቤት ለምን አልወሰደቻትም ለሚል ሰው መልሱ ቀላል ነው። በሽታውን አይደለም የፈራችው፤ የበሽታውን ስም ነው።

አንድ ቀን ከሥራ ፈቃድ ጠይቃ፣ ለማንም ሳትነግር ወደ ፖስታ ቤቱ ሄደች። የልጅቱ አለቃ ጸጉሩ የሸበተ፣ ለሰው የሚነሳ ሰውዬ ነበር። ወንበር ስቦ አስቀመጣት።

«ልጄን ሐኪም መራመድ ከልክሏታል» አለችው። «እሷ እንዳትነግርዎት እያፈረች ነው። ተቀምጣ የምትሠራው ነገር ቢፈልጉላት።»

«የሐኪም ወረቀት አላት?»

«ይመጣል።»

ሰውዬው አዘነ። እንደመጣች እንዳይነግርባት ለመነችው፤ እሺ አላት። በሦስተኛው ቀን ልጅቱ ደብዳቤ በሚለይበት ክፍል ወንበር ተሰጣት፤ መስመሯን ለጊዜው ሌላ ልጅ ያዘላት። ያን ዕለት ማታ ቤት ገብታ ቦርሳዋ የለመደው ሚስማር ላይ ሳይሰቀል ሲቀር፣ እናትየው አይታ እንዳላየች ሆነች።

«ለጊዜው አረፍ በይ አለኝ» አለች ልጅቱ። «ዘገምተኛ ሆነሻል ማለቱ ነው። ፊት ለፊት አይናገርም እንጂ።»

«አይዞሽ፣ የኔ እናት» አለች እናትየው። በልቧ ግን ተመስገን አለች። ያን ሌሊት ከወራት በኋላ ጥሩ እንቅልፍ ተኛች።

ሁለት ወር አለፈ። ልጅቱ በቀን ስምንት ሰዓት ተቀምጣ ትለያለች፤ ማታ በአራት ፍራሽ ላይ ትተኛለች፤ እሑድ ቀኑን ሙሉ ታርፋለች። ወገቧ ግን ባሰበት። ጫማዋን ለማሰር እግሯን ወንበር ላይ ትሰቅላለች። ስታስነጥስ ጠረጴዛ ትይዛለች። በዚህ መሐል አንድ ሳምንት ቀኝ ዓይኗ ደም መሰለ፤ ብርሃን ማየት አቃታት። እናትየው ልጅቱ በሥራዋ ጉዳይ ተደብቃ የምታለቅስ መሰላት፤ ግን ለምን አንዱ ዓይን ብቻ እንደሚያለቅስ አልጠየቀችም።

ከዚያ ፖስታ ቤቱ ማስታወቂያ አወጣ። አዳይ የተጓደለባቸው መስመሮች ከሚቀጥለው ሰኞ ጀምሮ በቋሚነት ይደለደላሉ። የልጅቱም መስመር ዝርዝሩ ውስጥ አለ።

«ሐኪም ቤት ቀጠሮ ይዣለሁ» አለች ልጅቱ በምሳ ሰዓት። «ሐሙስ። ምን እንደሆንኩ ሳላውቅ አራቱን ሰፈሬን ለሰው አልሰጥም።»

እናትየው ማንኪያዋን አስቀመጠች። ባሏን አየችው። «አንተም ትመጣለህ። ክፉ ወሬ በአንድ ጆሮ አይሰማም።»

«ሰዓት አለብኝ፣ ሐሙስ የሚሰጥ።»

«ሰዓቱ ቆሞ የለ? ይቁም።»

ሐሙስ ዕለት ሦስቱም ሄዱ። አባትየው ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ አንዱን ጥግ ያዘ፤ እናትና ልጅ ገቡ። ሐኪሟ አጭር፣ ድምፀ ቀጭን ሴት ናት፤ ስትጠይቅ ሰው ዓይን ውስጥ ታያለች።

«የት ነው የሚያምሽ?»

«ወገቧን ነው» አለች እናትየው። «በሥራ ብዛት። በእግሯ ብዙ ስለምትሄድ—»

«እናቴ፣ እርስዎን ኋላ እጠይቅዎታለሁ። መጀመሪያ እሷ ትንገረኝ።»

ልጅቱ ከወገቧ ዝቅ ብሎ፣ መቀመጫዋ ጋ፣ አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ እንደሚያማት በእጇ አሳየች። ከዚያ ሐኪሟ ጥያቄ ጀመረች፤ እያንዳንዱ ጥያቄ እናትየው ላይ እንደ ድንጋይ ወደቀ። ሽንት ያስቸግርሻል? አያስቸግረኝም። በእግርሽ መሐል መደንዘዝ አለ? የለም። እግርሽ ዝሎ ያውቃል? አያውቅም። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ያለ ምክንያት መክሳት? የለም። ወድቀሻል? አልወደቅሁም። በእያንዳንዱ «የለም» እናትየው ትንሽ ትተነፍሳለች፤ የሚቀጥለው ጥያቄ ደግሞ ትንፋሿን ይይዘዋል። እንዲህ ያለ ነገር ከወገብ ጋር እንደሚገናኝ አስባውም አታውቅም ነበር፤ የመፍሪያ ነገር አነሰኝ ያለች ይመስል እዚያው ተቀምጣ አዲስ ፍርሃት ስትማር ዋለች።

«ሌሊትስ እንዴት ነው?» አለች ሐኪሟ።

ልጅቱ እናቷን በጎን አየቻት። «ወደ ንጋቱ ገደማ ይቀሰቅሰኛል። መተኛት አልችልም። እነሳና ክፍሌ ውስጥ እሄዳለሁ። ከመስኮቱ እስከ በሩ፣ ከበሩ እስከ መስኮቱ። ግማሽ ሰዓት ስሄድ ይቀለኛል።»

«በየቀኑ?»

«ከዓመት በላይ።»

እናትየው ጆሮዋን ማመን አቃታት። መሐላቸው አንድ ግድግዳ ነው። «እኔ ሳልሰማ?»

«በካልሲ ነው የምሄደው። እንዳትሰሚ።»

ሐኪሟ እርሳሷን አስቀመጠች። «ጠዋት ስትነሺ ስንት ሰዓት ይፈጅብሻል፣ እስክትፍታቺ?»

«በፊት ግማሽ ሰዓት። አሁን አንድ ሰዓት፣ ከዚያም በላይ።»

«ስታርፊ ይሻልሻል ወይስ ስትንቀሳቀሺ?»

«ስንቀሳቀስ። ስሠራ፣ ማለቴ በእግሬ ሳለሁ፣ አራት ሰዓት ሲሆን ወገብ እንዳለኝም እረሳ ነበር። ከተቀመጥኩ ወዲህ ነው የባሰው።»

«ማን ነው ያስቀመጠሽ?»

«አለቃዬ። ዘገምተኛ ሆነሻል ብሎ ከመስመሬ አነሳኝ።»

እናትየው ወለሉን አየች። ሐኪሟ ልጅቱን ጎንበስ ቀና አደረገቻት፣ ዳሌዋን ጫን ጫን አለች፣ ደረቷን በሜትር ለካች። ከዚያ ተቀምጣ በዝግታ ተናገረች።

«አብዛኛው የወገብ ሕመም የጡንቻና የጅማት ነው፤ በራሱ ይሄዳል። አንዳንዱ የነርቭ ነው፤ ወደ እግር ይወርዳል። የአንቺ ሁለቱንም አይመስልም። በወጣትነት ቀስ ብሎ የሚጀምር፣ በእረፍት የሚብስ፣ በእንቅስቃሴ የሚሻል ሕመም አለ። የሰውነት መከላከያ የራሱን መገጣጠሚያ ያስቆጣዋል፤ ዳሌና አከርካሪ የሚገናኙበትን። ለእንዲህ ዓይነቱ ወገብ ረጅም መኝታ መድኃኒት አይደለም። ጠላቱ ነው።»

አራቱ ፍራሾች አንድ በአንድ በእናትየው ዓይን ፊት አለፉ። በራሷ መርፌ፣ በራሷ ጥጥ፣ ኩራት እየተሰማት የሰፋቻቸው ናቸው።

«ዓይንሽ ቀልቶ ብርሃን ከልክሎሽ ያውቃል?»

ልጅቱ ደነገጠች። «ባለፈው ወር። አንዱ። እንዴት አወቁ?»

«አንዳንዴ አብሮ ይመጣል። ከተመለሰ በዚያው ቀን ዓይን ሐኪም ጋ ትሄጃለሽ፤ አይቆይም።» ወደ እናትየው ዞረች። «አሁን እርስዎን ልጠይቅ። በቤተሰብ ውስጥ እንዲህ ያለ ወገብ ያለው ሰው አለ? ገና በወጣትነቱ የደረቀ፣ የጎበጠ?»

«የለም» አለች እናትየው። አፏ ከተናገረ በኋላ አሰበች። «አባቷ ጎባጣ ነው። ግን የሱ የሥራ ነው። ሰዓት ጠጋኝ ነው፣ ሠላሳ ዓመት ጎንብሶ።»

«ሰዓት ከመጠገኑ በፊት ምን ይሠራ ነበር?»

«ዕቃ ጫኝ ነበር፣ ስንጋባ።»

«ለምን ተወው?»

እናትየው መልሱን ታውቀዋለች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አውቃዋለች፤ ግን አንድ ቀን እንኳ በቅደም ተከተል አስቀምጣው አታውቅም። በተጋቡ በመጀመሪያው ዓመት ባሏ ሊነጋጋ ሲል ከአልጋው እየተነሳ ግቢ ውስጥ ይዞር ነበር። የሰው ወሬ ፈርታ «ምን ትፈልጋለህ ውጭ?» ብላ ተጣልታዋለች። ከዚያ ሸክም አቃተው። ከዚያ፣ ቁጭ ብሎ የሚሠራ ነገር ልፈልግ ብሎ ሰዓት ተማረ።

«ወገቡን አሞት» አለች። ድምጿ የሌላ ሰው መሰላት። «ሰዓቱ የመጣው ከወገቡ በኋላ ነው።»

«ይጥሯቸው እስቲ።»

አባትየው ገባ። ባርኔጣውን በእጁ ይዞ፣ ከቅንድቡ ሥር አሻቅቦ ሐኪሟን አያት። «እኔ በሽተኛ አይደለሁም፣ ዶክተር። ሸኚ ነኝ።»

«አንዴ ግድግዳው ላይ ይቁሙልኝ። ተረከዝዎን አስነክተው። ጀርባዎን። አሁን ጭንቅላትዎን ወደ ኋላ።»

አባትየው ሞከረ። አገጩን ቀና አደረገ፣ አንገቱ ላይ ያለው ጅማት ተወጠረ፣ ፊቱ ቀላ። ጭንቅላቱ ግድግዳውን አልነካም። ሐኪሟ እጇን በመሐል አስገባች፤ መዳፏ ሙሉ ገባ፣ ተደራርቦ ሌላ መዳፍ የሚያስገባ ቦታ ተረፈ።

«እስቲ አንቺ ደግሞ ከጎናቸው» አለቻት ልጅቱን።

ልጅቱ ቆመች። እናትየው ዓይኗን ልትጨፍን ፈለገች፤ አልቻለችም። የልጅቱ ጭንቅላት ወደ ኋላ ሄደ፣ ትንሽ ቆም አለ፣ ከዚያ ግድግዳውን ነካ። ሁለቱ ጎን ለጎን ቆሙ፤ አንዱ ያልታከመ ሠላሳ ዓመት፣ አንዷ ገና መንገዱ ላይ።

«እንግዲህ» አለ አባትየው፣ እንደጎነበሰ፣ «ሰዓቶቹን ሁሉ ይቅርታ መጠየቅ ሊኖርብኝ ነው።»

ማንም አልሳቀም። እሱ ራሱ ከንፈሩን ነከሰ። ከዚያ ልጁን አይቶ፣ «እሷም እንደኔ ትሆናለች?» አለ።

«መሆን የለባትም። በእርስዎ ጊዜ ማንም አላወቀልዎትም። እሷን ቀድመን አግኝተናታል፤ የደምና የኤምአርአይ ምርመራ አድርገን እናረጋግጣለን። ቁጣውን የሚያበርድ ክኒን ምግብ በልታ ትወስዳለች፤ ያ ካልበቃ መርፌ አለ። በየቀኑ ስፖርት ታደርጋለች፤ የሚያስተምራት ባለሙያ አለን። ብዙዎቹ ቀጥ ብለው ይኖራሉ። እርስዎንም እናያለን፤ የደረቀውን መመለስ ባንችልም ሕመሙን እናቀልልዎታለን።» ከዚያ ወደ ልጅቱ፦ «ሥራሽ ጥሩ ሥራ ነበር። ቦርሳውን በሁለት ትከሻ ካነገትሽው እኔ የማዝልሽ ከዚያ የተሻለ ነገር የለም። በእግርሽ ሂጂ። ወረቀት እጽፍልሻለሁ።»

ልጅቱ ወረቀቱን ይዛ ኮሪደር ስትወጣ ፊቷ በርቷል። «ይህን ሰውዬ ዛሬ ነው የማሳየው» አለች። «ዘገምተኛ ያለኝን።»

እናትየው አግዳሚው ጋ ቆመች።

«እሱ አይደለም» አለች።

«ምኑ?»

«ከመስመርሽ ያነሳሽ እሱ አይደለም። እኔ ሄጄ ለምኜው ነው።»

ልጅቱ ሙሉ ሰውነቷን አዞረች። «ምን ብለሽ?»

«ሐኪም መራመድ ከልክሏታል ብዬ።»

«የትኛው ሐኪም?»

«ሐኪም አልነበረም።»

አባትየው ባርኔጣውን ጭንቅላቱ ላይ ሊያደርግ አንስቶ መሐል ላይ ተወው። ልጅቱ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻል ነበር።

«ሁለት ወር» አለች ቀስ ብላ። «ሁለት ወር ያንን ሰው ሰላም አላልኩትም። በየጠዋቱ ‘እንዴት አደርሽ’ ሲለኝ ግድግዳ አያለሁ። በራሴ ሳፍር ነው የከረምኩት፣ እማዬ። እግሬን ስሰድብ።»

«እኔ እንዳትጎጂ—»

«አውቃለሁ። ሁልጊዜ እንዳልጎዳ ነው።» ወረቀቱን አጥፋ በኪሷ ከተተች። «አባዬ፣ በእግር እንሂድ።»

ሁለቱ ሄዱ። እሷን ማንም አልጠራትም። እናትየው አግዳሚው ላይ ተቀመጠች፣ ወዲያው ደግሞ ተነሳች፤ መቀመጥ ራሱ አስፈራት። በዕድሜዋ ሙሉ መጥፎ ነገር ከውጭ ይመጣል ብላ በር ስትጠብቅ ኖራለች፤ ከመኪና፣ ከጉንፋን፣ ከውሻ። በሩን ከውስጥ የከፈተችው ራሷ መሆኗን ማመን አቃታት።

ታክሲ ይዛ ፖስታ ቤቱ ስትደርስ ሊዘጋ አንድ ሰዓት ቀርቶት ነበር። አለቃው እንደ በፊቱ ተነስቶ ወንበር ሳበላት። አልተቀመጠችም።

«ያን ጊዜ የነገርኩዎት ውሸት ነው» አለች። «መራመድ የከለከላት ሐኪም አልነበረም። እኔ ፈርቼ ነው። ዛሬ እውነተኛ ሐኪም አይታታለች፤ ትራመድ ብላለች።»

ሰውዬው መነጽሩን አወለቀ። «ወረቀቱስ?»

«እሷ ጋ ነው። አልሰጠችኝም።»

«እመቤት፣ ድልድሉ ተፈርሟል። ሰኞ ይጀምራል። ያኔ ያለ ወረቀት አመንኩዎት፤ ዛሬም ያለ ወረቀት ልመንዎት? ከሁለታችሁ የትኛዋን ነው የምቀበለው፣ የዚያን ጊዜዋን ወይስ የዛሬዋን?»

«እኔን አይመኑኝ» አለች። «እሷን ይጠይቋት። ያኔም እሷን ነበር መጠየቅ የነበረብዎት። እኔም እንደዚያው።»

ሰውዬው መልስ ሳይሰጥ በሩ ተንኳኳ። ልጅቱ ናት፤ ከሐኪም ቤት እዚያ ድረስ በእግሯ መጥታ ግንባሯ ላብ አውጥቷል። አባትየው ከኋላዋ ትንፋሹን ይሰበስባል። ልጅቱ እናቷን እዚያ ስታያት ቆም አለች። ከዚያ አልፋት ወደ ጠረጴዛው ሄደች።

«እንደምን ዋሉ» አለችው አለቃዋን። በሁለት ወር ውስጥ የመጀመሪያ ሰላምታዋ ነበር፤ ሰውዬውም ልብ ሳይል አልቀረም። «ይቅርታ ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት። ሌላም አለ።» ወረቀቱን ዘረጋችው።

ሰውዬው አንብቦ ቆየ። «ሦስት ሰፈር ብቻ ነው የምሰጥሽ፣ አራት አይደለም። ለአንድ ወር እናየዋለን። የሰኞውን ድልድል እኔ አስተካክለዋለሁ። ወገብሽ እምቢ ካለ ራስሽ መጥተሽ ትነግሪኛለሽ።» እናትየውን አየ። «ራስሽ።»

«ራሴ» አለች ልጅቱ።

የምትፈርምበትን ወረቀት አቀረበላት። እናትየው ከሩቅ ሆና አንገቷን ልታሰግግ፣ ምን እንደተጻፈበት ልታነብ ፈለገች፤ «በጤናዬ ላይ ለሚደርስ» የሚል ሐረግ ዓይኗ ውስጥ ገባ። ዝናቡ አለ፣ ደረጃው አለ፣ ፍሬን የሌለው መኪና አለ፣ የልጅቱ ዓይን መንገድ ላይ ሊቀላ ይችላል። ልትናገር አፏን ከፈተች። ባሏ ከቅንድቡ ሥር አሻቅቦ አያት፤ እሷም ምላሷን ነከሰች።

ልጅቱ ፈረመች። ስትዞር እንደ ልማዷ ሙሉ ሰውነቷን አዞረች፤ ፊቷ ከእናቷ ፊት ጋር ገጠመ።

«ከአሁን በኋላ ስለ እኔ ከሰው ጋር ስታወሪ» አለች፣ «እኔም ልኑርበት።»

«እሺ» አለች እናትየው።

«ፍራሾቹን ዛሬ እናወርዳለን። አንድ ይበቃኛል።»

«እሺ።»

ልጅቱ አልሳቀችም፣ ክንዷንም አልያዘቻትም። ግን በሩን ከፍታ ያዘችላት፤ እናትየው እስክታልፍ ድረስ።